ከፍትሕ እግር ሥር የተቆረጠው ንጉሥ

ለጋዜጣው ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ፍትሕና ሥልጣን በሕንፃ እንዴት ይገለጹ እንደነበር የሚያትተውን፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ብዙ የተደከመበት በመሆኑ ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ርእሰ ጉዳይ በጋዜጣ ላይ ቦታ ማግኘቱም ለብዙ ዓመታት የሕንፃ ንድፍ ሳስተምር ለኖርኩት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከጽሑፉ ይልቅ አብሮት የወጣው ሥዕል ነው። ሥዕሉ በአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት፣ «የዜጎች አዳራሽ» በሚባለው ክፍል የሚገኘውን የፍትሕ ሐውልት የሚያሳይ የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ሲሆን፣ በገጹ ጥበት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፣ ሴቲቱ ሰይፏንና ሚዛኗን ይዛ ከጉልበቷ በላይ ብቻ እንድትታይ ሆኖ ተቆርጧል። ግራና ቀኟ የለም፤ የረገጠችውም የለም። ጸሐፊው በመጨረሻ የደረሱበት ድምዳሜ፣ ማለትም በባሮክ ዘመን፣ በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነገሠው የጥበብ ስልት፣ በተሠሩ ሥዕሎች ላይ የሚታየው የፍርድ ቤት ሕንፃ የሚናገረው ለተገዢው ብቻ እንደሆነና መልእክቱም «ፍራ» የሚል እንደሆነ የሚያስረዳው ሐሳብ፣ ከዚህ ከተቆረጠው ሥዕል ጋር በሚገባ ይስማማል። ከሙሉው ሥዕል ጋር ግን አይስማማም።

በሙሉው ቅርጽ ላይ ከፍትሕ እግር ሥር ሁለት አካላት ወድቀዋል። አንደኛዋ ጸጉሯ እባብ የሆነ ሴት ናት፤ ቅናት ናት። ሁለተኛው የአህያ ጆሮ ያለው ሰው ሲሆን ስስትን እንዲወክል የተመረጠው ንጉሥ ሚዳስ ነው። በአንድ ወገን ሞት በአፅም አምሳል የአሸዋ ሰዓት ይዞ ይታያል፤ በሌላው ወገን ቅጣት የማሠቃያ መሣሪያዎቹን ይዞ ተቀምጧል። በአዳራሹ ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አትላስ የሰማይን ሉል በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። እንግዲህ ሰይፍና ሚዛን የያዘችው ሴት ብቻዋን የቆመች ምልክት አይደለችም፤ ከላይ የሰማይ ሥርዓት፣ ከጎንና ከጎን የፍርድ ውጤት፣ ከታች ደግሞ የፍርድ ጠላት የከበቧት የአንድ ትልቅ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ ናት። ከዐረፍተ ነገር መካከል አንድ ቃል ብቻ መዝዞ ማተም ትርጉምን እንዴት እንደሚለውጥ ከእናንተ ከጋዜጠኞች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለ ሚዳስ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እርሱ ዘንድ ይመስለኛልና። አብዛኛው ሰው ሚዳስን የሚያውቀው የነካው ሁሉ ወርቅ እንዲሆንለት በመመኘቱ ነው፤ ለስስት ምሳሌነት የተመረጠውም በዚሁ የተነሣ ነው። ጆሮዎቹ ግን ከወርቁ ታሪክ የመጡ አይደሉም። በጥንቱ የግሪክና የሮም አፈ ታሪክ እንደሚተረከው፣ አማልክቱ አፖሎና ፓን በሙዚቃ በተወዳደሩ ጊዜ ሚዳስ ለፓን አድልቶ የተዛባ ፍርድ ተናገረ፤ አፖሎም የንጉሡን ጆሮዎች ወደ አህያ ጆሮ ለወጣቸው። ሐውልቱን የቀረጸው እጅ ስስትን ለማሳየት ከወርቅ ክምር ይልቅ የአህያ ጆሮ ሲሰጠው፣ ከፍትሕ እግር ሥር ያስቀመጠው ስስታሙን ሰው ብቻ ሳይሆን መስማት ያልቻለውን ፈራጅ ጭምር ነው። ደግሞም ይህ ሰው ንጉሥ ነው። ድሃ ሌባ አልተመረጠም፣ ወንበዴም አልተመረጠም፤ የተረገጠው ዘውድ የደፋ ባለሥልጣን ነው። ለፍርሃት ብቻ በተሠራ ሥዕል ላይ የሚጠበቅ ምርጫ አይደለም።

ቦታውም ለትርጉሙ ይመሰክራል። ይህ የሐውልት ስብስብ የሚገኘው የከተማው ዳኞች ወደሚያስችሉበት ክፍል በሚያስገባው በር አናት ላይ ነው። ዘጠኙ ዳኞች ወደ ችሎት በገቡ ቁጥር በአህያ ጆሮው ንጉሥ ሥር ያልፉ ነበር። ውስጥ ሲገቡም ወርቅ አልቀረላቸውም፤ በእሳት ማንደጃው ላይ ፌርዲናንድ ቦል የሣለው፣ ሙሴ ጽላቱን ይዞ ከሲና ተራራ ሲወርድ የሚያሳየው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ሕዝቡ ለወርቁ ጥጃ ሲሰግድ የሚያሳይ የእብነ በረድ ቅርጽ ተዘርግቷል። ከንቲባዎቹ በሚሰበሰቡበት ክፍል የተሰቀሉት እ.ኤ.አ. በ1656 የተሣሉ ሁለት ሥዕሎችም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራሉ። በጎፈርት ፍሊንክ ሥዕል ሮማዊው ኩሪዮስ ዴንታቱስ የሳምኒያውያንን የወርቅ ስጦታ ንቆ የአትክልት ምግቡን ይመርጣል፤ በቦል ሥዕል ደግሞ ፋብሪኪዮስ ንጉሥ ፒሮስ በጉቦም በዝሆንም ሊያንበረክከው ሲሞክር አይበገርም። የሕንፃው አሠሪዎች ራሳቸው ነጋዴዎችና የነጋዴ ልጆች ስለነበሩ ወርቅ ለፍርድ ምን እንደሚያደርግ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ በየበሩና በየማንደጃው አናት ላይ ለራሳቸው ጻፉት።

የሕንፃው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1648፣ ሆላንድ ከስፔን ጋር ያደረገችው ረጅም ጦርነት በሙንስተር ሰላም ባበቃበት ዓመት ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ያኮብ ፋን ካምፐን ነው። አሮጌው ማዘጋጃ ቤት አዲሱ በመሠራት ላይ እያለ በ1652 ተቃጠለ፤ አዲሱም ሥራው ገና ሳይጠናቀቅ በ1655 ተመረቀ። መሬቱ ረግረጋማ በመሆኑ ሕንፃው የቆመው በ13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ የሆላንድ ተማሪዎች ቁጥሩን የሚያስታውሱት በዓመቱ ቀናት ብዛት፣ በ365፣ ፊት 1ን ከኋላ ደግሞ 9ን በመጨመር ነው። ፊት ለፊቱን ያየ ሰው የሚገርመው ታላቅ በር አለመኖሩ ነው። ለቤተ መንግሥት እንደሚደረገው መሐል ላይ የገዘፈ መግቢያ በመሥራት ፈንታ በምድር ቤቱ ሰባት መጠነኛ ቅስት መግቢያዎች ብቻ ተሠርተዋል፤ ብዙዎች የያኔዋን የሆላንድ ሪፐብሊክ የመሠረቱት የሰባቱ የተባበሩ ግዛቶች ምሳሌ አድርገው ይተረጉሟቸዋል። ከጣሪያው ግንባር ጫፍ ላይ የቆመችው ሰላም ናት፤ በግራና በቀኝ ማዕዘን ብልኅነትና ፍትሕ አጅበዋታል። ንጉሥ የሌላት ሪፐብሊክ ሥልጣንን በሕንፃ ለመግለጽ ስትነሣ፣ የአንድ ሰው መልክ የሚሰቀልበትን ቦታ በመልካም ጠባያት ምስል መሙላት ግድ ሆነባት። ቅርጻ ቅርጾቹን የሠራው የአንትወርፑ ተወላጅ አርቱስ ክዌሊኑስ ከረዳቶቹ ጋር ሲሆን፣ ሕንፃው በመስመሩ ቀጥተኛነት ወደ ጥንታዊው የሮም ሥርዓት ቢያደላም በቅርጾቹ ሥጋና እንቅስቃሴ የባሮክ ልጅ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለርእሳችን ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ግን በምድር ቤቱ፣ በዳም አደባባይ በኩል ያለው ፊርስኻር የተባለው የፍርድ አዳራሽ ነው። በዚህ ጠባብና ከፍ ባለ የእብነ በረድ ክፍል የሚነገረው የሞት ፍርድ ብቻ ነበር። በአደባባዩ የቆመው ሕዝብ በነሐስ በሮቹ በኩል ፍርዱ ሲነገር ማየት ይችል ነበር፤ ከንቲባዎቹም ከላይ ካለው ክፍላቸው ወደ ታች በሚያሳይ መስኮት ይመለከቱ ነበር። ዳኞቹ በሚቀመጡበት ግድግዳ ላይ ሦስት ታሪኮች በእብነ በረድ ተቀርጸዋል። አንደኛው ሕያው ሕፃን በሰይፍ እንዲከፈል ያዘዘው የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ነው። ሁለተኛው የሎክሪው ሕግ አውጪ የዛሌውኮስ ታሪክ ነው፤ ልጁ ሁለት ዓይን በሚያሳጣ ወንጀል በተፈረደበት ጊዜ ሕጉን ላለመሻር፣ ልጁንም ፈጽሞ ላለማሳወር፣ አንዱን ዓይን ከልጁ ሁለተኛውን ከራሱ አወጣ። ሦስተኛው ነገሥታቱን ወደ ሮም ለመመለስ ያሤሩትን የገዛ ልጆቹን በሞት የቀጣው የሮም ከፍተኛ ሹም (ቆንስል) ብሩቱስ ነው። ከሦስቱ ፈራጆች ሁለቱ በገዛ ቤታቸው ላይ የፈረዱ አባቶች ናቸው። ግድግዳው ለዳኛው የሚያሳየው የሌላውን ሰው አንገት ሳይሆን የራሱን ልጅ አንገትና የራሱን ዓይን ነው።

በእነዚህ ቅርጾች መካከል የላይኛውን ግንባታ በራሳቸው የተሸከሙ በሴት አምሳል የተቀረጹ ዓምዶች፣ ካርያቲድ የሚባሉት፣ ቆመዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከእነርሱ መካከል ፊታቸውን በእጃቸው የሸፈኑ አሉ። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዮስ ስለ ካርያቲድ አመጣጥ ሲተርክ፣ የካርያ ከተማ ከፋርስ ጋር በማበሯ ሴቶቿ ተማርከው እንደተዋረዱ፣ በድንጋይም ሸክም ተሸካሚ ሆነው እንደተቀረጹ ይናገራል። ይህ ተረት ሥር የሰደደ ታሪካዊ እውነት ይኑረው አይኑረው ለክዌሊኑስ ዋናው ነገር አልነበረም፤ የሕንፃ መጻሕፍትን የሚያነብ የዘመኑ ሰው ሁሉ ካርያቲድን የኀፍረት ዓምድ አድርጎ እንደሚያነበው ግን ያውቅ ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የፍርድ አዳራሽን ጣሪያ ኀፍረት እንዲሸከመው ማድረግ ምን ማለት ነው? ኀፍረቱስ የማን ነው? የተፈረደበት ሰው ኀፍረት ነው ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን እነዚያን ሴቶች ባየኋቸው ቁጥር የሰው ነፍስ እንዲጠፋ በቃል ማዘዝ ግድ ለሆነበት ክፍል የሚገባው ሐዘን ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ወደ ኅትመቱ ልመለስ፤ ጽሑፋችሁ ሥዕሉን የሕንፃው ፎቶግራፍ አድርጎ ቆጥሮታልና። የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ማለት በለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል የብረት መቅረጫ መስመር በመስመር ተቆፍሮ፣ ቀለም በጉድጓዱ ተሞልቶ፣ የተረፈው ከገጹ ላይ ተጠርጎ፣ እርጥብ ወረቀት በኃይለኛ መጭመቂያ ተጭኖበት የሚወጣ ምስል ነው። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ መስመር ብቻ አለ። ቀራጩ ዓምዱ ክብ ሆኖ እንዲታይ መስመሮቹን ያቀራርባል፣ ያወፍራል፣ ያጎብጣል፤ ብርሃን ያለው ምንም ባልተቆፈረበት ቦታ ላይ ነው። ወረቀቱ ከሰሌዳው ሲላቀቅ ምስሉ ግራና ቀኙን ይለውጣል። ቀራጩ አስቀድሞ ገልብጦ ካልሠራው በቀር በሐውልቱ ቀኝ እጅ ያለው ሰይፍ በወረቀቱ ላይ ወደ ግራ ይዞራል። የሰይፉን ወገን ይዞ ረጅም ትርጓሜ ለመስጠት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ሥዕሉ የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን ቢያረጋግጥ መልካም ነው፤ በመጨረሻው ፍርድ ሥዕሎች ቀኝ የጻድቃን ግራ የኃጥኣን ወገን ስለሆነ ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

የአርቱስ ወንድም ሁበርቱስ ክዌሊኑስ የማዘጋጃ ቤቱን ቅርጾች በመዳብ ቀርጾ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳተመው ሕንፃው በተመረቀበት ዓመት፣ በ1655 ነው፤ ሁለተኛው ክፍል በ1663 ወጣ። የፋን ካምፐን የሕንፃ ንድፎችም በዳንከርትስ እጅ ተቀርጸው በ1661 ታትመዋል። እብነ በረድ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ወረቀት ግን በመርከብ ይጫናል፣ በመጽሐፍ ይጠረዛል፣ በሩቅ አገር የሕንፃ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ቅርጾቹ ገና ተሠርተው ሳያልቁ በወረቀት እንዲባዙ መደረጉ የሚያሳየው፣ ሕንፃው የፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን የሚነበብ ሰነድ እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ነው። በወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ ለውጥ ይከሰታል። በአዳራሹ ውስጥ ቅርጾቹ ከፍ ብለው የተሰቀሉ፣ ከሰው በላይ የሆኑ፣ በብርሃንና በጥላ የተከፋፈሉ ናቸው፤ በኅትመቱ ላይ ግን ወደ ዓይን ደረጃ ይወርዳሉ። አንባቢው የሚዳስን ጆሮ በጣቱ ሊነካው ይችላል። አደባባዩ ላይ ቆሞ በነሐሱ በር በኩል አሻግሮ የሚያየው ሰው ከሰሎሞንና ከብሩቱስ ሥር የተቀመጠውን ዳኛ ከሰሎሞንና ከብሩቱስ ጋር ሊያስተያየው እንደሚችል ሁሉ፣ ወረቀቱን የገዛውም ሰው መለኪያውን ቤቱ ይዞ ይገባል። ሕዝብ የፍርድን መለኪያ በእጁ ሲይዝ ሥልጣን እንዲሁ ከሚታይ ነገር ይልቅ የሚመዘን ነገር ይሆናል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ለሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በቅሎዋ በፍርድ መሄዷን የሚያውቀው ፍርዱ ሲፈረድ ማየት የቻለ ሰው ነው።

ጸሐፊው ለማስረዳት የፈለጉትን ዓይነት፣ ከማንም ጋር የማይመዘን ሥልጣን የተሣለበት ሥዕል በዘመኑ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እንዲያውም በዚያው በአሥር ዓመቱ ውስጥ ለንደን ውስጥ ታትሟል። በ1651 ለወጣው ለቶማስ ሆብስ የፖለቲካ ፍልስፍና መጽሐፍ፣ የአብርሃም ቦስ ሥራ እንደሆነ በሰፊው የሚታመንበት የፊት ገጽ ሥዕል፣ ከኮረብቶች በስተጀርባ ዘውድ የደፋ ግዙፍ ሰው በአንድ እጁ ሰይፍ በሌላው የጳጳስ በትር ይዞ ከተማዪቱ ላይ ሲያጠላ ያሳያል። አካሉ ከብዙ ትናንሽ ሰዎች የተገነባ ነው፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለእኛ ፊታቸውን ለእርሱ ሰጥተዋል። ከላይ በላቲን የተጻፈው ከመጽሐፈ ኢዮብ የተወሰደ ቃል በምድር ላይ ከእርሱ ጋር የሚወዳደር ኃይል እንደሌለ ይናገራል። ከሥሩ በግራና በቀኝ እንደ ዓምድ በተደረደሩ ክፈፎች ውስጥ ምሽግ ከቤተ ክርስቲያን፣ ዘውድ ከጳጳስ አክሊል፣ መድፍ ከመብረቅ፣ የጦር ሜዳም ከካህናት ሸንጎ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እዚህ ፍርድ ቤቱ ከሥልጣን ዕቃዎች አንዱ ሆኖ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ይገኛል። በአምስተርዳም አትላስ ሉሉን ተሸክሞ ከፍትሕ በላይ ቆሟል፣ ንጉሡም ከእግሯ ሥር ወድቋል፤ በለንደኑ ገጽ ግን ከዘውዱ በላይ ከጽሑፉ በቀር ምንም የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው «የባሮክ ዘመን ሥዕል ስለ ሥልጣን ይህን ይላል» ብሎ በአንድ ቃል ለመደምደም ይቸገራል።

ሐቀኛ ለመሆን ያህል በእኔ አቋም ላይ የሚነሣውንም ማንሣት አለብኝ። ጸሐፊው ስለ ፍርሃት የተናገሩት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በፊርስኻር የሞት ፍርድ ሲነገር ከሕንፃው ውጭ የቅጣት መድረክ ይተከል ነበር፤ ሞትና ቅጣትም ከፍትሕ ጎን የተቀረጹት ለጌጥ አልነበረም። የናንሲው ዣክ ካሎ ከዚህ ሕንፃ መሠረት በፊት በሠራት አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በረጃጅም ሕንፃዎች የተከበበ ሰፊ አደባባይ ላይ የዘመኑን ቅጣቶች በሙሉ፣ ስቅላቱን፣ መንኮራኩሩን፣ እሳቱን፣ ሰይፉን፣ በአንድ ጊዜ ሲፈጸሙ አሳይቷል፤ በላቲን የተጻፈባትም ቅጣት የወንጀል ልጓም እንደሆነ ይናገራል። በዚያች ሰሌዳ ላይ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ያነሱ ናቸው፤ ሕንፃዎቹ ግን ቀጥ ብለው ዝም ብለው ቆመዋል። የክዌሊኑስ ወንድማማቾች ኅትመቶች ያላሳዩትን ካሎ አሳይቷል፤ በእነርሱ ወረቀት ላይ እብነ በረዱ ንጹሕ ነው፣ ሕዝብ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ደምም የለም። የኅትመት ጥበብ መለኪያን ለሕዝብ የማድረሱን ያህል በመለኪያው ስም የተፈጸመውን ሊሰውርም እንደሚችል አምናለሁ።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። በማዘጋጃ ቤቱ የኋላ ግንባር ላይ አራቱ አህጉሮች የምድር ፍሬያቸውንና ዕቃቸውን ተሸክመው ለአምስተርዳም ሲያቀርቡ ተቀርጿል። አፍሪካ ከአቅራቢዎቹ አንዷ ናት። የከተማዪቱ ሀብት ከባሕር ማዶ ንግድ የመጣ ነበር፤ በዚያ ንግድ ውስጥ ሰዎችም ተሽጠዋል። የዜጎች አዳራሽ ወለል የዓለምን ካርታ በእብነ በረድ ይዞ ዜጎች ይመላለሱበት ነበር፤ ካርታው ላይ የሚገኙት ሕዝቦች ግን የፊርስኻርን ግድግዳ ምስክር አድርገው ሊከራከሩ የሚችሉበት ችሎት አልነበራቸውም። ከሚዳስ በላይ የተቀመጠችው ፍትሕ ዳኛውን ከጉቦ ጠብቃ ሊሆን ይችላል፤ የሕንፃውን ዋጋ ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹን ግን አላየቻቸውም። ይህንን የምለው ጥበቡን ለማሳነስ አይደለም፤ ሙሉው ሥዕል ይታይ ብዬ ስከራከር የሕንፃው ጀርባም አብሮ እንዲታይ መጠየቅ ስላለብኝ ነው።

ጽሑፋችሁ በአንድ አንቀጽ ስለ ፍትሕ ዓይን መሸፈኛ ያነሣውን በተመለከተ አጭር ማስተካከያ አለኝ። መሸፈኛው ከጥንት ጀምሮ የአለማዳላት ምልክት ነበር ማለት አይቻልም። በ1494 በባዝል በታተመ የምጸት መጽሐፍ ውስጥ ባለ የእንጨት ቅርጽ ላይ የፍትሕን ዓይን በጨርቅ የሚሸፍነው ሞኝ ነው፤ እዚያ ላይ ትርጉሙ ፍትሕ እንዳታይ ተደረገች የሚል ነው። በጎ ትርጉም ይዞ የተስፋፋው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1543 በበርን ከተማ በቆመው የፍትሕ ምንጭ ላይ ያለችው ፍትሕ ዓይኗ ተሸፍኖ ከእግሯ በታች የምድር ገዢዎች ተደርድረዋል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ማን እንዳሰረውና ከእግር ሥር ማን እንዳለ ነው። የጣሊያናዊው የሴዛሬ ሪፓ የምልክቶች መዝገብ፣ በ1644 በሆላንድኛ የወጣውና የዘመኑ ቀራጮች በእጃቸው የማይለዩት፣ ፍትሕን በአንድ መልክ ብቻ አለመግለጹም ለዚሁ ምስክር ነው።

በዚሁ ሕንፃ ውስጥ በትናንሽ በሮች ላይ ያሉትን ቅርጾች አንባቢዎቻችሁ ሊያዩዋቸው ቢችሉ ደስ ባለኝ ነበር። የጸሐፊዎች ቢሮ በር ላይ ጣቷን በከንፈሯ ላይ ያደረገች ሴትና የሞተ ጌታውን የሚጠብቅ ውሻ ተቀርጸዋል፤ ምሥጢር መጠበቅና መታመን ማለት ነው። የኪሳራ ጉዳዮች ቢሮ በር ላይ ኢካሮስ ክንፉ ቀልጦ ከሰማይ ይወድቃል፤ በዙሪያው ባለው የአበባ ጉንጉን ውስጥ ባዶ ሣጥኖችና አይጦች አሉ። ሠዓሊው ሬምብራንት በ1656 በኪሳራ ምክንያት ንብረቱን ያስረከበው ለዚሁ ቢሮ ነው። እነዚህን ሁለት በሮች ያየ ሰው፣ ሕንፃው ለእያንዳንዱ የሥልጣን እርከን የራሱን ማስጠንቀቂያ እንደሰጠ ይገባዋል፤ ለጸሐፊው የጸሐፊውን፣ ለነጋዴው የነጋዴውን፣ ለዳኛው የዳኛውን።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። ይህን የመሰለ ሥዕል ዳግመኛ ስታወጡ ገጹ ጠባብ ከሆነ አሳንሳችሁ እንጂ ቆርጣችሁ አታውጡት፤ በግርጌው የላቲን ጽሑፍ ካለም አማርኛ ትርጉሙን አክሉበት፤ ሥዕሉ የታተመው ከየትኛው ሰሌዳ እንደሆነና የሚያሳየው ቅርጽ በሕንፃው ውስጥ ከየትኛው በር በላይ እንዳለ በአንድ መስመር ንገሩን። ማዘጋጃ ቤቱ በ1808 በሉዊ ናፖሊዮን ትእዛዝ ቤተ መንግሥት ሆኗል፤ ዛሬም የሆላንድ ንጉሣዊ ቤተ መንግሥት ነው። ዳኞቹ ከክፍላቸው ከወጡ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል፤ ንጉሥ ሚዳስ ግን አሁንም በዚያው በር አናት ላይ ከነጆሮው ተረግጦ አለ። በሚቀጥለው እትማችሁ ወደ ቦታው እንድትመልሱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ